ዳማ ቦዩ ጋ ሲደርስ

ሰው በአርባ ሰባት ዓመቱ ፈረስ መጋለብ ካማረው ዘመድ ተሰብስቦ ቢመክረው ጥሩ ነው። እኔ መካሪ አጥቼ አይደለም። ባለቤቴ ዘሀራ፣ እስቲ ሁሴን መጀመሪያ ስኳርህን ተመርመር ብላኝ ነበር። ስኳርና ፈረስ ምን አገናኛቸው እንዳትሉኝ፤ እሷን ጠይቋት።

የምኖረው ደሴ ነው። የምሠራው ኮምቦልቻ፣ አንድ ፋብሪካ ውስጥ። ሥራዬ ጨርቅ ማየት ነው። በቃ፣ ማየት። ጨርቁ ከፊቴ ያልፋል፤ እንከን ካገኘሁበት በጠመኔ ምልክት አደርጋለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ የጨርቅ እንከን ስለቅም ኖሬ የራሴን እንከን ያገኘሁት ፈረስ ላይ ስወጣ ነው። ፈሪ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ሚኒባሱ የሐረጎን ጠመዝማዛ እየተወረወረ ሲወርድ እንቅልፍ የሚወስደኝ ሰውዬ፣ ቦይ እፈራለሁ።

ነገሩ የመጣው በአማቴ በሐጂ ይማም በኩል ነው። ሐጂ የሚኖሩት ገራዶ ነው። በእሳቸው መንደር ፈረሰኞቹ ማኅበር አላቸው፤ ማኅበሩም እንደ ትምህርት ቤት ደረጃ አለው። አንደኛው ደረጃ ሶምሶማ ነው፤ ተሰልፎ ዱብ ዱብ ማለት። ሁለተኛው ቦይ ነው፤ ጋልቦ መጥቶ ቦዩን መዝለል። ሦስተኛው ጉግስ ነው፤ እሱን ተዉት፣ እኔን አይመለከተኝም። ሁለት ዓመት ሶምሶማ ላይ ነበርኩ። አብረውኝ ያሉት ሁለት ጡረተኞችና ሐኪም ሩጫ የከለከለው አንድ ነጋዴ ናቸው። ስለ ኑሮ ውድነት እያወራን እንሄዳለን፣ ወርደን ሻይ እንጠጣለን፣ እርስ በርስ እንመሰጋገናለን። ደረጃዬን ወድጄው ነበር። ምን ቸገረኝና ልነቃነቅ?

ያነቃነቀችኝ ልጄ ሀያት ናት። የሰባት ዓመት ልጅ ሆና ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ አንቺ ስታገቢ ሙሽራሽን ሜዳ ድረስ ጋልቤ ወጥቼ ነው የምቀበለው ብያት ነበር። ያኔ ፈረስ የማውቀው በሩቁ ነው። ለልጅ የማይባል ነገር አለ? ሽማግሌ የተላከብን ቀን፣ ነገሩ ሁሉ አልቆ፣ ፋቲሓ ተቀርቶ ሰው ተምር ሊጎርስ ሲል፣ አባዬ ጋልቦ ሊቀበላቸው ቃል ገብቶልኛል አለች። ያ ሁሉ ሽማግሌ ዞሮ አየኝ። "አዎ" አልኩ። ተምሬን መልሼ ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩ።

በሐጂ መንደር ደንቡ እንዲህ ነው። የሙሽራው ሰዎች በፈረስ ሲመጡ የሙሽራዋ ወገን ፈረሰኞች ሜዳው ድረስ ጋልበው ይቀበሏቸዋል። በመንደሩና በሜዳው መካከል ደግሞ ቦዩ አለ። ቀድሞ ሽማግሌዎች ፊት ቦዩን ያልዘለለ ሰው፣ የሙሽራዋ አባትም ቢሆን፣ ድቤ ከሚመቱት ሴቶች አጠገብ ቆሞ ይጠብቃል። የቦዩን ነገር ከጠየቃችሁኝ ጥልቀቱ እስከ ወገቤ ነው። ፍየሎች እያመነዠኩ ነው የሚሻገሩት።

ፈረሴንም ላስተዋውቃችሁ። ዳማ ይባላል። የገዛሁት ኮምቦልቻ፣ ሰይድ ከሚባል ባለጋሪ ነው። ባጃጅ ሲበዛ ሰይድ ጋሪውን ትቶ ባጃጅ ያዘ፤ ፈረሱን ለእኔ ሸጠልኝ። ሰው ለግልቢያ ጎልማሳ ፈረስ ይመርጣል፤ እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ጋሪ የጎተተ መረጥኩ። ዝግ ያለ ነው ስላሉኝ ነው። ዝግ ያለ ብቻ አይደለም፣ ጨዋም ነው። መንገድ ላይ ሰው እጁን አንስቶ ሰላም ካለኝ ቀጥ ብሎ ይቆማል። አንዴ ከቆመ ደግሞ ወርጄ እንደገና ካልወጣሁበት አይነቃነቅም። እኔም የወሎ ፈረስ እኮ ነው፣ ሰው ሰላም ሳይል አያልፍም እያልኩ እኮራበት ነበር።

ልምምድ ጀመርኩ። መጀመሪያ የተማርኩት በስልክ ነው። የአንድ የውጭ አገር አሠልጣኝ ቪዲዮ አገኘሁ። ቋንቋው ባይገባኝም በእጁ ያሳያል፤ አጥሩን አትዩ፣ ከአጥሩ ማዶ ሩቁን ተመልከቱ ነው የሚለው። መልካም ምክር ነው። ገራዶ ላይ ከቦዩ ማዶ ሩቁን ስመለከት የሚታየኝ መቃብር ነው። ቤት ደግሞ የሶፋውን መደገፊያ እንደ ኮርቻ ተፈናጥጬ ከፍ ዝቅ ማለት ተለማመድኩ። ዘሀራ በሩን ከፍታ አየችኝ። መልሳ ዘጋችው። በማግስቱ የስኳሩን ነገር እንደገና አነሳች።

እሁድ ሲደርስ ገራዶ ወረድኩ። ሐጂ ከእኔ በፊት ደርሰው ቦዩ አፋፍ ላይ ቆመዋል። ጋለብኩ። ጋለብኩ ስል ዳማ ጋለበ፣ እኔ አብሬው ሄድኩ። ቦዩ ቀረበ። ዓይኔን ጨፈንኩ፣ የማውቀውን ሱራ ሁሉ ደባለቅኩት። ዳማ አፋፉ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ጋማውን አቅፌ ተረፍኩ። ወርጄ፣ እንደገና ወጥቼ፣ ዞሬ ሞከርኩ። አሁንም ቀጥ። በሚቀጥለው እሁድም እንዲሁ። ስድስት እሁድ በዚህ አለቀ።

መንደሩ ፈረደ። የሁሴን ፈረስ ፈሪ ነው ተባለ። እውነቱን ልንገራችሁ? ዳማ በቆመ ቁጥር ሆዴ አልሐምዱሊላህ ይላል። በአፌ ግን ምን ይደረግ፣ ጋሪ የለመደ ነው፣ ቦይ የት ያውቃል እያልኩ አንገቱን እደባብሰዋለሁ። ሰውም ያዝንልኛል። ይኼ ፈረስ ባይኖር እኮ ሁሴን የት በደረሰ የሚሉም ነበሩ። ፈረስ ስሙ ሲጠፋ ቆሞ አይከራከርም። እኔም አልተከራከርኩለትም።

ሰይድ ግን ኮምቦልቻ ሆኖ ወሬው ደረሰው። የራሱ ስም የጠፋ ያህል ተናደደ። ሰባተኛው እሁድ ባጃጁን አቁሞ ገራዶ ድረስ መጣ። ይኼ ፈረስ የቦርከና ወንዝ ሲሞላ ስድስት ሰውና ዱቄት ጭኖ የተሻገረ ነው፣ ወላሂ የእናንተን ቦይ እንደ ቦይም አይቆጥረው አለ። ከዚያ ራቅ ብሎ ቆሞ ማየት ጀመረ። ጋለብኩ። ዳማ እንደ ልማዱ ቀጥ አለ። ሰይድ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሲበቃው ወደ ጎን ወሰደኝ።

"አያ ሁሴን፣ ፈረሱ ፈርቶ አይደለም" አለኝ። "ሰው ሊጭን ነው የቆመው።"

ሐጂን አሳየኝ። እኔ እየጋለብኩ ስቀርብ አማቴ ይጨንቃቸዋል። ሲጨንቃቸው ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ዱዓ ያደርጉልኛል። ዳማ ደግሞ ዱዓ አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ኮምቦልቻን ነው። መንገድ ዳር የቆመ ሰው እጁን ካነሳ ተሳፋሪ ነው፤ ይቆማል። ተሳፋሪው ወጥቶ ክብደቱ ካልተሰማው አይሄድም። ያ የምኮራበት ጨዋነት ሁሉ፣ ያ ሰላምታ፣ ለካ ሥራው ነበር።

አሁን ሁለት መንገድ አለኝ። አንደኛው ዝም ማለት ነው። ሐጂ ዱዓቸውን ይቀጥላሉ፣ ዳማ መቆሙን ይቀጥላል፣ ፈሪው ፈረሱ እንደሆነ ይቀራል፣ እኔም በሰርጉ ቀን ድቤው አጠገብ አዝኜ እቆማለሁ። ሰይድን አፉን ማስያዝ አይከብድም። እውነት እላችኋለሁ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ይኼን ሐሳብ ወድጄው ነበር። ፋብሪካ ውስጥ ጨርቁ እያለፈ እኔ በሐሳቤ ድቤው አጠገብ የምቆምበትን ቦታ እመርጣለሁ። በአራተኛው ቀን ሀያት ስልክ ደውላ የጋቢዬን ጥለት እንደመረጠችልኝ ነገረችኝ። ፈረስ ላይ ሲታይ የሚያምር ነው አለች። አንጀቴን በላችው። የቀረኝ ሁለተኛው መንገድ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ደግሞ ሐጂ ይማምን ዱዓ አያድርጉልኝ ማለት ነው። እስቲ በእኔ ቦታ ሁናችሁ አስቡት። አማት ናቸው። ሐጂ ናቸው። ሰው ዱዓቸውን ፍለጋ ከቢስቲማ ድረስ ይመጣል። ከዚህ አንጻር ቦዩ ምን አለው? ቦዩ ውስጥ ብወድቅ የሚሰበረው ወገቤ ብቻ ነው። ቤታቸው ሄጄ ስለ ዝናብ አወራሁ። ስለ ማሽላው ጠየቅሁ። ስለ ጉልበታቸው ሕመም ሁለት ጊዜ ጠየቅሁ። በመጨረሻ፣ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ፣ ዳማ እጅ የሚያነሳ ሰው ሲያይ ተሳፋሪ እንደሚመስለው ነገርኳቸው። እርስዎን ማለቴ አይደለም አልኩ። ከእሳቸው በቀር ደግሞ እዚያ የቆመ ሰው የለም።

ሐጂ መቁጠሪያቸውን አስቀመጡ። "እኔን ሊጭን ነው የቆመው?" አሉ።

"አዎ ሐጂ። ይቅር ይበሉኝ።"

"ሰባት እሁድ ሙሉ?" ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሱ ብዬ ክው አልኩ። ሲስቁ ነው። ከዚያ እንባቸውን ጠርገው፣ "አብሽር ልጄ" አሉኝ። "ዱዓ ጋቢ ውስጥም ይሰማል።"

የፈተናው ቀን ደረሰ። ሽማግሌዎቹና መንደርተኛው ከማለዳ ጀምሮ ቦዩ ማዶ ተሰብስበዋል። ሐጂ አፋፉ ላይ ቆመዋል፤ እጃቸው ጋቢያቸው ውስጥ ነው፣ የሚንቀሳቀሰው ከንፈራቸው ብቻ። እስካሁን የምደበቅበት የፈረስ ፍርሃት ነበረኝ። አሁን ፈሪ ከተባለ እኔ ብቻ ነኝ። እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ልጓሙ አብሮ ይንጫጫል። ቢሆንም ዓይኔን አልጨፈንኩም፣ መቃብሩንም አላየሁም። የዳማን ሁለት ጆሮ አየሁ። ዳማ ቦዩን እንደ ደጃፍ ተራምዶት አለፈ። አለፍን!

ማዶ ያለው ሕዝብ ደስ ብሎት አልሐምዱሊላህ ብሎ በአንድ ላይ እጁን አነሳ። በዳማ ዓይን ይኼ ሁሉ ተሳፋሪ ነው። ቀጥ አለ። እኔ አልቆምኩም። በጆሮዎቹ መካከል አልፌ ሣሩ ላይ አረፍኩ።

ሽማግሌዎቹ ተከራከሩ። አንዳንዱ ወድቋል አለ። ሐጂ ደንቡን ጠቀሱ፤ ፈረሱም ሰውየውም ቦዩን መሻገር አለባቸው ይላል፣ ሁለቱም ማዶ ናቸው፣ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ አሉ። በዚህ ሁለተኛ ደረጃ ገባሁ።

በሰርጉ ቀን ሐጂ ለመንደሩ ሁሉ አስጠነቀቁ፤ ሁሴን ሲያልፍ እጁን የሚያነሳ እንዳይኖር። እጆች ሁሉ ጋቢ ውስጥ፣ ነጠላ ውስጥ፣ ኪስ ውስጥ ገቡ። አዲሱን ጋቢዬን አጣፍቼ፣ ቦዩን ዘልዬ፣ ከፈረሰኞቹ ጋር ሜዳው ላይ ወጣሁ። ሁሉም አማረ። ለሙሽራው ወገን ግን የነገራቸው ሰው የለም። ሙሽራው የተባረከ ልጅ ነው፤ አማቱን በፈረስ ላይ ሆኖ ላለመጠበቅ ብሎ ወርዶ መንገድ ዳር ቆሟል። እኔን ሲያይ እጁን አነሳና "አሰላሙ ዓለይኩም" አለ።

ዳማ እየጋለበ መጥቶ፣ ልጓም ሳልስብ፣ ልክ ከፊቱ ቀጥ አለ። የሙሽራው ዘመዶች አደነቁ፤ ይኼ ሰው ፈረሱን በሐሳቡ ነው የሚያቆመው ተባባሉ። እኔ ምላሴን ጠቅ አደረግሁ። የለም። ተረከዜን ነካ አደረግሁ። የለም። ወርጄ እንደገና ልውጣ? እኔ ኮርቻ ላይ የምወጣው ድንጋይ ተፈልጎ፣ አንድ ሰው ከኋላ ገፍቶኝ ነው። ሁለት ቤተሰብ ቆሞ እየጠበቀ? "ና ልጄ፣ ከኋላዬ ውጣ" አልኩት። ልጁ ግራ ገባው። አማቱን እምቢ ማለት ስላልቻለ ወጣ። ዳማ ክብደቱ ተሰማውና ሄደ።

ወደ ቦዩ ስንመለስ ሙሽራው ወገቤን ጭምቅ አድርጎ ያዘኝ። እጁ ይንቀጠቀጣል። ኮምቦልቻ ተወልዶ ያደገ ነው፤ የመጣበትን ፈረስ ለዚያች ቀን ብቻ ነው የተበደረው። ከቦዩ ማዶ ደግሞ ሌላ ሕይወት ይጠብቀዋል። "አብሽር" አልኩት። "ዓይንህን ጨፍን፣ እኔ አይልሃለሁ።" እንዲህ ስል የራሴ እጅ እንደማይንቀጠቀጥ ታወቀኝ። ለካ ከኋላዬ ከእኔ የባሰ ፈሪ ሲቀመጥ ለእኔ ፍርሃት ቦታ አይተርፍም። ቦዩን ሦስታችንም አብረን ዘለልን።

ሀያት ደጃፍ ላይ ቆማ አየችን። ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ሁለቱንም አንድ ላይ። "አባዬ፣ ጋልበህ ተቀበለው አልኩህ እንጂ ጭነህ አምጣው አልኩህ?" አለችኝ።

ይኼ ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈው። ባለፈው ጥር እዚያው መንደር ሌላ ሰርግ ነበር። የሙሽራዋ አባት ሜዳው ላይ ሄዶ ሙሽራውን ከኋላው አፈናጥጦ አመጣው። ከዚያ በፊት የነበረው ሰርግም እንዲሁ ነበር አሉ። አንድ እንግዳ ትርጉሙ ምን እንደሆነ ሐጂ ይማምን ጠየቃቸው። ሐጂ እኔን አንዴ አየት አደረጉኝና፣ ከአባቶቻችን የመጣ ነው፣ አማት አዲሱን ልጅ በገዛ ፈረሱ ነው ቤት የሚያስገባው ብለው መለሱ። እንግዳው በስልኩ ቀዳው። ከዚያ ለሙሽሮቹ ዱዓ እንዲያደርጉ ተጠየቁ። ሐጂ ተነሱ፤ ደጅ የታሰረውን ዳማን በመስኮት አዩት፤ ጀርባቸውን ሰጡትና እጃቸውን ዘረጉ።