ከብርድ ልብሶች ሥር የወጣው ሴንተር

ስልካችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉማ። ዛሬ የሆንኩትን ከሌላ ሰው ተጣሞ ከምትሰሙት ከእኔው ከባለቤቱ ስሙት።

ትራያሉ ዛሬ ነበር።

አዎ፣ ያ ትራያል፣ የፕሮፌሽናል ክለቡ ተጫዋች መምረጫ! በየፖስቱ "ጸልዩልኝ" እያልኩ ያደረቅኳችሁ!

ለአዲስ ገቢዎች ባጭሩ፦ ናሆም እባላለሁ፣ ያደግኩት ጆበርግ፣ ሮዘተንቪል ነው። ቁመቴ ሁለት ሜትር ትንሽ ያልፋል። የዩኒቨርሲቲያችን ቅርጫት ኳስ ቡድን ሴንተር ነበርኩ። ሴንተር ማለት ሪሙ፣ ማለትም የቅርጫቱ ቀለበት፣ ሥር እንደ ቁም ሳጥን ቦታ ይዞ የሚቆመው ረጅሙ ሰውዬ ነው። ኳስ ይሰጡኛል፣ ዞር እላለሁ፣ አስገባለሁ። በቃ። ከእኔ የሚረዝም ሰው ስላልነበረ ሌላ ነገር መቻል አላስፈለገኝም።

ከዚያ ኮሮና መጣ። ውድድሩ ተቋረጠ፣ ጂሙ ተቆለፈ፣ የመጨረሻ ዓመቴን አልጋዬ ላይ በላፕቶፕ ጨረስኩ። ሱቆች ሲከፈቱ ደግሞ ጀፕ፣ የሐበሻ ነጋዴዎች ሰፈር፣ ወዳለው ወደ አባዬ ሱቅ ገባሁ።

ጉዱ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

አባዬ ብርድ ልብስ በጅምላ ይሸጣል። እነዚያን ወፍራሞቹን፣ ነብርና ጣዎስ የታተመባቸውን። ሱቁ ጠባብ ነው። "ደንበኞች ተራርቀው ይቁሙ" ሲባል ወለሉን ባዶ ማድረግ ግድ ሆነ። አባዬ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው?

ዕቃውን በሙሉ ጣሪያ ላይ ሰቀለው!

ከግድግዳ ግድግዳ ገመድ ወጥሮ ያንን ሁሉ ብርድ ልብስ አንጠለጠለው። ለእሱ ምን ቸገረው? አባዬ ሲያቅፈኝ ግንባሩ ደረቴ ላይ ነው የሚያርፈው። እኔ ግን በተራመድኩ ቁጥር ጎንበስ ነው። ጎንበስ፣ ነብር አለፈ። ጎንበስ፣ ጣዎስ አለፈ። እንዲህ ስል ሁለተኛው ክረምት ገባ።

የዙሉ ደንበኞቻችን "ንድሉላሚቲ" ይሉኛል፣ ቀጭኔ ማለት ነው። "ሳውቦና ንድሉላሚቲ! እስቲ ያንን ቀዩን አውርድልን!" አወርድላቸዋለሁ። ከዚያ ጎንበስ።

ግን እውነቱን ልንገራችሁ? ደስ ይለኝ ነበር።

በተለይ ከሰዓት በኋላ፣ ደንበኛ ጭር ሲል። ያቺ የጆበርግ የክረምት ፀሐይ በበሩ ትገባና ብርድ ልብሶቹ መሃል ትቀራለች። ብናኙ ቀስ ብሎ ይንሳፈፋል። ያ ሁሉ ነብር ዝም ብሎ ያየኛል። ሙሉ ስታዲየም በሉት! ኳሴን እይዝና ከገመዶቹ ሥር እዞራለሁ። ግራ እግር፣ ቀኝ እግር፣ ትከሻ። ጀፕን ያለ ሚኒባስ ጡሩምባ ሰምታችኋት ታውቃላችሁ? በዚያ ሰሞን አንዳንዴ እንደዚያ ነበረች፣ የገዛ ትንፋሼ ይሰማኝ ነበር።

እዚያ ውስጥ እኔ ፕሮፌሽናል ነበርኩ። ስሜ በድምፅ ማጉያ ይጠራል፣ መብራት ይጠፋል፣ ይበራል፣ እገባለሁ። አባዬ ባንኮኒው ላይ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገው ስንት ዋንጫ እንዳነሳሁ ብነግራችሁ ታፍሩልኛላችሁ።

ዋንጫውን አስቀምጬ ስቀመጥ ግን አንድ ጥያቄ ትመጣለች። የዩኒቨርሲቲ ረጅም ሰውዬ እውነተኛው ሜዳ ላይ ይሆናል ወይስ አይሆንም? ቁመቱን ብትቀንሱለት የሚተርፍ ነገር አለው?

ከራሴ ጋር ስከራከር ደንበኛ ይገባል። ጎንበስ።

አባዬ ደግሞ ፎርድስበርግ ሁለተኛ ሱቅ ሊከፍት ነው፣ ቁልፉም የእኔ ነው። "ትራያሉ ከሆነልህ ጌታ ይርዳህ፣ ኳስህን ተጫወት። ካልሆነ ግን ሰኞ ፎርድስበርግ ትገባለህ፣ ጭቅጭቅ አልፈልግም" አለኝ። ተስማማሁ። ምን ላድርግ? ያን ያህል እርግጠኛ ነበርኩ!

እና ዛሬ ጠዋት ሄድን።

አዳራሹ ሰፊ ነው። ተመልካች ክልክል ስለሆነ ወንበሩ ሁሉ ባዶ። ከላይ እስከ ታች ሳኒታይዘር ይሸታል። ኳስ ስትነጥር ድምፁ ሄዶ ሄዶ ግድግዳ ይነካና ይመለሳል። የገዛ ሕልሜ ውስጥ የገባሁ መሰለኝ።

አባዬን ከበሩ መለሱት። ግን የሚሄድ ሰው ነው? በመስታወቱ በር በኩል ቆሞ ያያል። የሰርግ ሱፉን ለብሷል። ማስክ፣ በላዩ ሌላ ማስክ፣ በላዩ ያ የፕላስቲክ የፊት መከለያ። ስለ ቅርጫት ኳስ የሚያውቀው ኳሷ ክብ መሆኗን ብቻ ነው።

ከዚያ ሲፎ መጣ። የክለቡ ሴንተር።

እዚህ ጋ ስክሮል እንዳታደርጉ፣ በናታችሁ።

ቀና ብዬ ሰው አየሁ። እኔ! በየፎቶው ከኋላ የምቆመው፣ በየታክሲው ጉልበቴን ታቅፌ የምሄደው እኔ፣ የትልቅ ሰው አገጭ ከሥሩ ሆኜ አየሁ። ከልጅነቴ ወዲህ አይቼ አላውቅም። ሰላምታው በክርን ነበር፣ ክርኑም ከእኔ ክርን ከፍ ያለ ነው። መፍራት ነበረብኝ አይደል? እኔ ግን የሆነ እረፍት ተሰማኝ። ከእኔ የሚረዝም ሰው ካለ፣ አንድ ቀን እንኳ ከፊት ቆሜ ፎቶ መነሳት እችላለሁ ማለት ነው። እዚያው ሐሳብ ውስጥ ሰጠምኩ።

ፊሽካው ተነፋ። እኔ ገና አገጩን እያየሁ ነው።

ኳሷ መጣችልኝ። ጀርባዬን ሰጠሁት። ግራ እግር፣ ቀኝ እግር፣ ትከሻ። አለፍኩት! ሲፎን አለፍኩት! ሪሙ ፊት ለፊቴ ነው!

ጎንበስ አልኩ።

በትክክል አንብባችኋል። ከአናቴ በላይ አየር ብቻ ባለበት ቦታ አንገቴን ሰብሬ ጎንበስ አልኩ። ኳሷ ከእጄ ወጥታ መረቡን ከታች ነክታ ተመለሰች።

"ድንጋጤ ነው" አልኩ። እንደገና ገባሁ። ጎንበስ። እንደገና። ጎንበስ! ጭንቅላቴ "ቀና በል!" ይላል፣ አንገቴ ጀፕ ነው ያለው።

አሰልጣኙ ፊሽካ ነፋ። "ልጄ፣ ከምንድን ነው የምትሸሸው?"

"ከብርድ ልብስ" አልኩ።

ለምን? ለምን እውነቱን ተናገርኩ? "ወገቤን ያመኛል" አይባልም ነበር? ሜዳው ሁሉ ሳቀ። ባዶ አዳራሽ ደግሞ ሳቅን አንዴ ብቻ አያሰማችሁም፣ አዙሮ ያመጣዋል።

ሲፎ ብቻ አልሳቀም። ጠጋ ብሎ ቀስ ብሎ "ቀና በል ብሮ። ጣሪያው ሩቅ ነው" አለኝ።

ቀና አልኩ። እውነቱን ነው፣ በጣም ሩቅ ነበር። ብረቶቹ መሃል አንዲት የተጨማደደች ሰማያዊ ፊኛ ተሰክታ ቀርታለች። ሰው እንደ ልቡ በሚሰበሰብበት ዘመን የሆነ በዓል ላይ ከአንድ ልጅ እጅ ያመለጠች ትመስለኛለች። ልጁ አልቅሷል? አሁን ስንት ዓመቱ ነው? ይህን እያሰብኩ ስንት ሰዓት እንደቆምኩ እንጃ፣ የነቃሁት ኳስ ደረቴን ሲለኝ ነው።

አሰልጣኙ ከሪሙ አርቆ፣ ከባለ ሦስት ነጥቡ መስመር ውጭ አቆመኝ። ኳስ አቀበለኝና "ተኩስ!" አለ።

ማንን እንደሆነ ለማየት ወደ ኋላዬ ዞርኩ።

"አንተን ነው!"

ወገኖቼ፣ እኔን ከዚያ ቦታ ተኩስ ያለኝ ሰው በሕይወቴ የለም! ሴንተር ከዚያ አይተኩስም፣ የአጫጭሮቹ ሥራ ነው! ብቻ ዓይኔን ጨፍኜ ለቀቅኳት። ቦርዱን በላዩ አልፋ፣ የሳኒታይዘሩ ጠረጴዛ ላይ አርፋ፣ ጠርሙሱን ሁሉ ዘረገፈችው።

ከመስታወቱ በስተጀርባ አባዬ አጨበጨበ።

ሲያልቅ አሰልጣኙ ለብቻ ጠራኝ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። "እጅህ ጥሩ ነው። እግርህ ደግሞ የትም ብሄድ የማላገኘው ነው፣ እንዲህ በጠባብ ቦታ መዞር ማን አስተማረህ?" አለኝ። ነብሮቹ አላልኩም፣ በዚህ እንኳ ተመስገን በሉ። ቀጠለ፦ "ግን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ትልቅ ሰው ነበርክ። እዚህ አጭር ነህ። በሴንተርነት አልወስድህም። ከውጭ መተኮስ ተማርና መስከረም ላይ ና፣ አይሃለሁ። ቃል አልገባልህም።"

አጭር።

እኔ አጭር! በዚህ ቁመቴ!

የአባዬ የዕቃ መጫኛ ባኪ ውስጥ ጉልበቴን ጆሮዬ ጋ አድርጌ ገባሁ። አባዬ የፊት መከለያውን አውልቆ መኪናዋን አስነሳ። ዓይኑ ቀልቷል፣ አልቅሷል።

"አየሁህ" አለኝ። "ሜዳው መሃል በገባህ ቁጥር እጅ ስትነሳ አየሁህ። እነዚያ ሁሉ ቀጥ ብለው ሲገቡ የእኔ ልጅ ብቻ ዝቅ እያለ። ሰው አገር አሳድጌህ ይህን ክብር ሳትረሳ... መቼ ትጀምራለህ?"

እስቲ አሁን ምን ይባላል?

ነገርኩት። አልወሰዱኝም አልኩት። ከዚያ ቆጣ ብሎ "ታዲያ ለምን እጅ ነሳሃቸው?" አለኝ።

"እጅ መንሳት አይደለም አባዬ። ልማድ ሆኖብኝ ነው። የተሰቀለውን እቃ እየሸሸሁ።"

ባኪውን ዳር አስይዞ አቆማት። እጁ መሪው ላይ ነው። ሚኒባሶች ጡሩምባቸውን እያንጫጩ አለፉን፣ አልሰማቸውም።

"እኔ ነኝ ያጎበጥኩህ?" አለ።

እመኑኝ፣ የዛሬው ውርደት ሁሉ አንድ ላይ ተደምሮ የዚህችን ግማሽ አላመመኝም። "አይደለም አባዬ፣ ባልጎነበስም አጭር ነኝ አሉ" አልኩት። ለማጽናናት እኮ ነው! የማጽናናት ችሎታዬን ተመልከቱ!

"አጭር?" ወደ እኔ ዞረ። አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ከታች እስከ ላይ አየኝ። "ማንን ነው አጭር ያሉት? እኔ ልጄን ቀና ብዬ ነው የማየው!" ተመልሶ ሊጣላቸው ነው መሰለኝ ሞተሩን ሊያስነሳ ነበር፣ እጁን ያዝኩት። ስለ መስከረም ነገርኩት፣ አሰልጣኙ ቃል እንዳልገባም ጭምር።

አባዬ መንገዱን እያየ፦ "ሰኞ ፎርድስበርግ ሌላ ሰው እልካለሁ። እስከ መስከረም ወርውር። ከዚያ በኋላ ግን አላውቅህም።"

የዩኒቨርሲቲ ረጅም ሰውዬ ፕሮፌሽናል መሆን ይችላል ወይ ላላችሁ፣ መልሴ ይኸውላችሁ፦ አላውቅም። ሱቅ የለኝም፣ ቡድን የለኝም፣ ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ አጭር ነኝ። የሚገርመው ግን፣ ይህን የምጽፈው ቀጥ ብዬ ቆሜ ነው፣ አንገቴንም ያመኛል።

እና እባካችሁ፣ ዕድሜውን ሁሉ ረጅም ሆኖ የኖረን ሰው አጭር መሆን የሚያስተምር ታውቃላችሁ? እስከ መስከረም ብቻ ነው ያለኝ!