በአንድ ጣት ዘሟል

ባለፈው ሰኞ ማለዳ ዳቦ ልገዛ ስወርድ ጎረቤቴን ደረጃው ላይ ተንበርክከው አገኘኋቸው። በአንድ እጃቸው የቀለም ጣሳ፣ በሌላው ቀጭን ብሩሽ ይዘው በየደረጃው ጠርዝ ላይ ነጭ መስመር ያሰምራሉ። ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት እናት ዓይናቸው ደክሞ፣ በዚያው ሰሞን የመጨረሻውን ደረጃ ስተው ወድቀው ነበር።

«እግዚአብሔር ይስጥልን ጋሼ። ለእማማ ብለው ነው?»

«የምን እማማ!» አሉ ቀና ሳይሉ። «የተረፈ ቀለም ጣሳ ውስጥ ደርቆ ከሚቀር ብዬ ነው። ይልቅ እንዳትረግጠው፣ ጥግ ጥጉን ውረድ።»

እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ሁለት ከሆኑ ግን ሰፈሩ አይበረክትም። ሰው ቤት ሲገባ ከሰላምታ በፊት ግድግዳ ያያል፤ የተሰቀለ ፎቶ ሳያቃና ወንበር አይስብም፤ ዓለም ትንሽ እንደተንጋደደች፣ የማቃናቱም ኃላፊነት ለእሱ ብቻ እንደተሰጠው ያምናል። እኛ የእኛን «ክቡር ውሃ ልክ» እንላቸዋለን። ስሙ የወጣላቸው ከደረት ኪሳቸው ከማትለየው መሣሪያ ነው። ሆዷ ውስጥ አንዲት የአየር አረፋ አለች፤ ግድግዳ ላይ ሲያስደግፏት አረፋዋ መሃል ከቆመች ልክ ነው፣ ፈቀቅ ካለች ዘሟል። ሌላው ሽማግሌ በደረት ኪሱ መነጽር ይይዛል።

ክቡርነታቸው አርባ ዓመት ቤት ቀብተዋል። ልዩ ሙያቸው ግድግዳን በመስመር ማስጌጥ ነው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ያላቸው ደንበኛ የገዛ ሳሎናቸው ብቻ ሲሆን፣ እሱም ባለፈው ዓመት አራት ጊዜ ልብስ ቀይሯል። አረንጓዴው አግድም መስመር «ክፍሉን አሳጠረው» ተብሎ ጠፋ። ሰማያዊው ቁም መስመር «እስር ቤት መሰለ» ተብሎ ተሻረ። ክርክሩ፣ ውሳኔውም ይግባኙም፣ በእሳቸውና በእሳቸው መካከል ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል።

የምንኖረው በአንድ ግድግዳ ተለያይተን ነው። ቁጭ ብዬ ሳነብ መሰላላቸው ሲጢጥ ይላል፤ ቀጥሎ ለመስመሩ ድንበር የለጠፉት የወረቀት ፕላስተር ሲላጥ ይሰማኛል። ከዚያ ድምፃቸው ይመጣል፦ «ይኸው! ምን አልኩሽ?»

ጥቂት ቆይቶ መሰላሉ እንደገና ሲጢጥ ይላል።

ሐኪም ቤት ሄደው ደም ግፊታቸው ሲለካ፣ ነርሷ ቁጥሩን አይታ ደንገጥ ብትል፣ «የእኔን ተይው፣ ያ የዓይን መመርመሪያ ሰንጠረዥ በአንድ ጣት ዘሟል» ብለዋታል። አቃንተውት ነው የወጡት። መድኃኒታቸውን ግን ረስተውት መጡ።

እኔም አልቀረልኝም። አንድ ጊዜ ከመጽሐፍ አንብቤ መኝታ ቤቴን በራሴ እጅ ባለ መስመር ላደርገው ተነሳሁ። ፕላስተሩን ስልጠው የግድግዳው ቀለም አብሮ እየተገነጠለ መጣ። ክቡርነታቸው በሩ ላይ ቆመው በሐዘን ተመለከቱ።

«መጽሐፍህ ቀለሙ እርጥብ ሳለ ላጠው አይልም?»

«ሳይል አይቀርም ጋሼ። እዚያ ገጽ ላይ ገና አልደረስኩም ነበር።»

ሳይጠየቁ የሸሚዛቸውን እጅጌ ሰበሰቡ። ቀኑን ሙሉ ሠሩልኝ። መሰላሉ ላይ ሆነው፣ ጀርባቸውን እንደሰጡኝ፣ ስለ ሴት ልጃቸው የነገሩኝም ያን ቀን ነው።

ከአራት ዓመት በፊት ነው። አማቻቸው ለሚወለደው ልጁ ክፍል፣ ከሥራ መልስ እየሠራ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቢጫ መስመር አሰመረ። ሕፃኗ ስትወለድ አያት ተጠሩ። ገቡ፤ ሕፃኗን ከመሳማቸው በፊት ውሃ ልካቸውን አወጡ።

«በአንድ ጣት ዘሟል አልኩ» አሉኝ። «አማቼ ሳቀ። ልጄ ግን አልሳቀችም።»

ከዚያ ወዲህ ትደውላለች እንጂ አትመጣም። «ደህና ነህ አባዬ?» «ደህና ነኝ።» በቃ፣ ወሬው ይኸው ነው።

አንድ ሰሞን ጉንፋን ጥሏቸው መሰላሉ ሦስት ቀን ዝም አለ። ሰላም አገኘሁ ብዬ መጽሐፌን ከፈትኩ፤ አንድ ገጽ እንኳ አልዘለቀልኝም። በአራተኛው ቀን ሲጢጥ ሲል ስሰማ፣ አልደብቅም፣ ተነስቼ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ።

ትናንት ከሰዓት በሬን አንኳኩ። «ና እስቲ» ብለው ልጃቸው ያደገችበት ክፍል አስገቡኝ። አልጋው በአዲስ አንሶላ ተነጥፏል። ግድግዳው ላይ፣ በትንሽ ልጅ ቁመት ልክ፣ ሦስት ቢጫ መስመሮች ክፍሉን ዞረውታል።

«እሁድ ትመጣለች፣ ልጅቷን ይዛ» አሉ። «ትደር አትደር አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኩም። እንዴት ነው?»

«ቀጥ ብሏል ጋሼ። በጣም ያምራል።»

«ውሃ ልኳ ዘሟል ነው የምትለው። ትበል!» ጣታቸውን ወደ ኮርኒሱ ቀሰሩ። «ኮርኒሱ ራሱ ያዘነበለ ነው። በውሃ ልክ ብሠራው ልክ ይሆናል፤ አልጋው ላይ ተኝቶ ለሚያየው ግን የተንጋደደ ይመስላል። አማቼም ያን ጊዜ የቤቱን ኮርኒስ ተከትሎ ነበር የሠራው። ለምትተኛዋ ልጅ ብሎ። አርባ ዓመት ቀብቼ እኔ አልታየኝም።»

ይህን ለአማቻቸው ነግረውት እንደሆነ ልጠይቃቸው ፈለግኩና ተውኩት። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ፤ አንሶላው እንዳይጨማደድ ወዲያው ተነሱ።

«እሁድ ምን ሥራ አለህ?»

«ከጸሎት መልስ ምንም የለኝም።»

«እንግዲያው ና፣ አጠገቤ ተቀመጥ። ከልጄ ጋር ሌላ ወሬ አላውቅም እኮ። የምታወራው እናቷ ነበረች። አደራህን፣ አፌን ስለ ግድግዳ ከከፈትኩ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ርገጥልኝ። ጠበቅ አድርገህ፣ እሺ?»