ተግደርድሬ ያስረከብኩት ሱፐርቫይዘርነት

ሰዎች፣ ኮሮና ሥራዬን አልነጠቀኝም። እኔው ነኝ በገዛ አፌ፣ ያውም በትህትና ያስረከብኩት።

ቁጭ በሉና ስሙኝ።

እዚህ አረብ አገር፣ አል ቁዝ የሚባል ሰፈር፣ የሆቴል አንሶላና ፎጣ የሚያጥብ ላውንደሪ ውስጥ ነው የምሠራው። አራት ዓመቴ ነው። ታጥቦ የወጣውን አንሶላ ወደ ትልቁ መተኮሻ ማሽን እናስገባለን፣ በወዲያ በኩል ሲወጣ ተቀብለን እናጥፋለን። ኮሮና ሲመጣ ሆቴሎቹ ባዶ ቀሩ። ባዶ ሆቴል ደግሞ አንሶላ አያቆሽሽም።

ስለዚህ ከሠላሳ ሰው ስድስት ብቻ ይቀራል ተባለ። ሌላው "ሁኔታው እስኪስተካከል" ያለ ደመወዝ ይቀመጣል። ለእኔ መቀመጥ ማለት ካራማ ሰፈር በተከራየኋት ቤድ ስፔስ፣ በአንዷ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ጣሪያ ማየት ነው። ኤርፖርቱ ስለተዘጋ አገር ቤት መግባትም የለም። እናቴ ደግሞ የደም ግፊት መድኃኒቷን የምትገዛው እኔ በምልክላት ነው። ስለዚህ ከስድስቱ አንዷ መሆን ነበረብኝ፣ ሌላ ምርጫ የለኝም።

አሁን የሚያሳፍረው ይመጣል።

እኔ እኮ ስለ ሰው ጠባይ የተማርኩ ሰው ነኝ። በስልኬ፣ በነፃ፣ ሰባት ሳምንት። ኦርጋናይዜሽናል ቢሄቪየር ይባላል። ሰው በሥራ ቦታ ለምን እንዲህ እንደሚሆን ነው የሚያስተምረው። ሥራ አስኪያጃችን፣ እኛ ሙዲር ነው የምንለው፣ በጮኸ ቁጥር አንሶላ እያጠፍኩ ለሴቶቹ አብራራላቸው ነበር። "በእናንተ ተናዶ አይደለም፣ ስትረስ ነው" እላለሁ። ሰርተፍኬትም አለኝ።

ትናንት ጠዋት ሙዲሩ ቢሮ ጠራኝ። ሕንዳዊ ነው፣ ሥራ ካልበዛበት ረጋ ያለ ሰውዬ። ከሚቀሩት ስድስት አንዷ ሱፐርቫይዘር ትሆናለች፣ ሌሎቹን አምስት የምትመርጠውም እሷ ናት። ይኼን ቀድሜ ሰምቻለሁ። ሰርተፍኬቴን ፕሪንት አስደርጌ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ነው የገባሁት።

"ትዕግስት፣ ሱፐርቫይዘር መሆን ትፈልጊያለሽ?" አለኝ ለኮሮና ከተሰቀለው የፕላስቲክ መከለያ ጀርባ።

ልቤ እልል አለ።

አፌ ግን "ኧረ ሰር፣ እኔ ምን አቅም አለኝ፣ ከእኔ የሚሻሉ ሞልተው" አለ።

እስቲ ፍረዱኝ። የጨዋ ልጅ ሌላ ምን ትላለች? ሰው ቤት ሄደን "ብሉ" ስንባል "አሁን በልተን ነው የመጣነው" አይደል የምንለው? ባለቤቱ ደግሞ "በሞቴ" ይላል፣ "አፈር ስሆን" ይላል፣ እኛም ተገደን እንደምንበላ ሆነን እጃችንን እንታጠባለን። ደንቡ ይኼ ነው። እኔ የራሴን ድርሻ ተወጣሁ፣ የቀረው የእሱ ነው።

"እርግጠኛ ነሽ?" አለኝ።

ደስ አለኝ። ሁለተኛው መጣ ማለት ነው፣ ሰውዬው ወግ ያውቃል!

"አዎ ሰር፣ እኔ ይቅርብኝ።" ለማሳመር ያህል ደግሞ "ሉባባ አለች፣ ጎበዝ ናት" ብዬ ጨመርኩበት።

ሉባባ የወሎ ልጅ ናት። ያንን መተኮሻ ማሽን ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

አንገቴን ደፍቼ ሦስተኛውን ጠበቅኩ። በሦስተኛው እሺ ልል፣ ሰርተፍኬቱንም ላወጣ ነው። ሙዲሩ እስክሪብቶ አነሳና አንድ ነገር ጻፈ።

"እውነቱን ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ። ሉባባን ጥሪልኝ።"

በቃ። አለቀ።

የባሰው ደግሞ አሁንም ተስፋ አለመቁረጤ ነው። ሉባባ ገብታ "ትዕግስት እያለች እኔ?" ማለቷ አይቀርም፣ ያኔ መልሶ ይጠራኛል ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ። ፊቴን እንደተገደደ ሰው አደረግኩ።

ሁለት ደቂቃ አልፈጀባትም። ሱፐርቫይዘሮች የሚለብሱትን ቢጫ ሰደርያ ይዛ ወጣች።

"ምን ብለሽ ተቀበልሽ?" አልኳት።

"እሺ ብዬ ነዋ።"

ከሰዓት በኋላ ስም ዝርዝሩ በዋትስአፕ ተላከ። ሉባባ፣ ከሥሯ አራት ስም፣ ስድስተኛው መስመር ባዶ። የእኔ ስም የለም። አምስት ስም ስንት ጊዜ ይነበባል? እኔ የካምፓኒው ባስ ካራማ እስኪደርስ አነበብኩት። ባዶውን መስመር ግን ለምን ባዶ ሆነ ብዬ አልጠየቅኩም፣ እኔን የሚጠብቅ መስሎኝ።

ዛሬ ጠዋት እፍረቴን ዋጥ አድርጌ ሙዲሩ ዘንድ ተመለስኩ።

"ሰር፣ ትናንት የጠየቁኝን ሥራ እፈልገው ነበር።"

"አልፈልግም አልሽኝ እኮ። ሁለት ጊዜ ጠየቅኩሽ።"

"በእኛ አገር ሰር፣ ሁለት አይበቃም።"

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ፈልገን "አልፈልግም" እንደምንል፣ ጠያቂው ደግሞ መለመን እንዳለበት በእንግሊዝኛ ላስረዳው ሞከርኩ። እያስረዳሁ ለራሴም ግራ ገባኝ። እሱ ግን በጥሞና ሰማኝ፣ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ትንሽ አሰበና ጥያቄ ጀመረ።

"ባለፈው ረመዳን ሥራ ሲበዛ 'ደክሞሻል?' ብዬሽ 'አልደከመኝም' ያልሽውስ?"

"ደክሞኝ ነበር ሰር።"

"የማሽኑ ሙቀት ያስቸግርሻል ወይ ስልሽ 'ኖ ፕሮብለም' አላልሽም?"

"እሱም ፕሮብለም ነበር።"

ሰውዬው አራት ዓመት ሙሉ የመለስኩለትን መልስ ሁሉ እንደ አዲስ ሲያስበው ፊቱ ላይ ይታያል። በመጨረሻ አንገቱን ነቀነቀና "ሰው የምትመርጠው ሉባባ ናት፣ እሷን አነጋግሪ" አለኝ።

ያስተማርኳትን ልጅ ልለምን ሄድኩ ማለት ነው።

ሉባባ ቢጫ ሰደርያዋን ለብሳ በር ላይ የሴቶቹን ሙቀት ትለካለች። ተናድጄባታለሁ፣ አልዋሻችሁም።

"ስሜን ለምን ተውሽው?" አልኳት።

"ሙዲሩ 'ትዕግስት አልፈልግም ብላለች' አለኝ። ዋላሂ ሌላ ቦታ ሹግል፣ ሥራ ያገኘሽ መስሎኝ ነው።"

"አንቺስ እንዴት በአንዴ እሺ ትያለሽ? አይከብድሽም?"

ሳቀች። ከዚያ እስከ ዛሬ ያልነገረችኝን ነገረችኝ። ሻርጃ ሰው ቤት ስትቀጠር በመጀመሪያው ቀን ማዳም "በልተሻል?" አለቻት። ሉባባ "ጠግቤያለሁ" አለች። ማዳም "ኸላስ"፣ በቃ፣ ብላ ምግቡን ፍሪጅ ከተተችው። ሉባባ ጦሟን አደረች። በማግስቱም ያው።

"በሦስተኛው ቀን ጥያቄዋን ሳትጨርስ ሳህን ይዤ ቆምኩ" አለችኝ። "ትዕግስትዬ፣ እዚህ አገር የሚለምንሽ የለም። ሲግደረደሩ ጦም ያድሩ ሲባል አልሰማሽም?"

ሰባት ሳምንት ተምሬ ያላገኘሁትን ልጅቷ በሁለት ቀን ረሃብ ተምራዋለች።

"አሁን የምትፈልጊው ምንድነው?" አለችኝ።

እውነቱን ልናገር? "እፈልጋለሁ" ማለት ከበደኝ። ሌላውን ብሉ እያልኩ ነው ያደግኩት እንጂ ልብላ ብዬ አላውቅም። ከኋላዬ ደግሞ ሴቶቹ ተሰልፈው ይሰማሉ፣ እነዚያው ስለ ሰው ጠባይ ያስተማርኳቸው።

"ሥራውን እፈልጋለሁ" አልኳት።

"ስድስተኛው ቦታ አለ፣ ግን..."

"እሺ።"

"ገና አልነገርኩሽም እኮ።"

"እሺ ብያለሁ!"

መስመሩ ባዶ የሆነው ለካ በምክንያት ነው። የሚሠራው ኮሮና የያዛቸው ሰዎች የሚቆዩባቸው የኳራንቲን ሆቴሎች አንሶላ ነው፣ በቀይ ከረጢት ታሽጎ የሚመጣ። አራቱም ሴቶች ተጠይቀው "አንፈልግም" ብለዋል። እነሱ የምራቸውን ነው ያሉት።

እና አሁን ይኼን የምጽፍላችሁ በእረፍት ሰዓት፣ ለዚህ ሥራ የሚለበሰውን የፕላስቲክ ልብስ እስከ ወገቤ አውልቄ ነው። ላቤ ጫማዬ ውስጥ ገብቷል። ፈርቻለሁ፣ ደስም ብሎኛል።

ቅድም እናቴ ጋ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። ቀዩን ከረጢት ብቻ ዘለልኩት። ሥራ እንዳላጣሁ ስትሰማ "ተመስገን" አለች። ከዚያ ከንፈሯን መጠጠች።

"ምነው እማዬ?"

"እና ያቺ ልጅ ስትጠይቅሽ እንዲያው አንዴ እንኳ ሳትግደረደሪ እፈልጋለሁ አልሻት?"

"አዎ።"

"ውይ ልጄ። አሳዳጊ የበደላት ትበልሽ?"

እሷን ከማስረዳት ሙዲሩን ማስረዳት ስንት ጊዜ ይሻላል። ልሰናበታት ስል ቶሎ ብላ "የዚህን ወር እንዳትልኪ" አለችኝ። "ጊዜው ክፉ ነው፣ ለራሽ ያዥው። መድኃኒቱ እንደሆነ ሞልቶኛል፣ ምንም አያስፈልገኝም።"

አንድ ቀን በፊት ቢሆን አምኛት ስልኩን እዘጋ ነበር።

"እማዬ፣ መቼ ነው ያለቀው?" አልኳት።

"ማክሰኞ" አለች።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ከማን እንደወረስኩት አሁን ገባችሁ?