እትዬ ብዙነሽ ያነበቧቸው መጻሕፍት

ስለ መጽሐፍ ጥቅም ሲወራ አንገቱን የማይነቀንቅ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። በሰርግም ይሁን በለቅሶ ቤት፣ በታክሲ ወረፋም ላይ ቢሆን፣ አንዱ ተነስቶ «ይህ ትውልድ እኮ አያነብም!» ካለ ያለው ሰው ሁሉ ከንፈሩን ይመጥጣል። ከንፈራቸውን ከሚመጥጡት መካከል ባለፈው ዓመት አንድ መጽሐፍ የጨረሰ ማን እንደሆነ ግን አይጠየቅም፤ ነውር ነው። መጽሐፍን ከሩቅ ነው የምንሳለመው፤ ገልጦ ማየቱን ለተፈቀደላቸው እንተዋለን።

እኔንም ከሌላው ለይታችሁ እንዳታዩኝ። ኮተቤ ውስጥ፣ ስሙን በማልነግራችሁ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። በነዚህ ሁሉ ዓመታት ከመማሪያ መጽሐፉ ውጭ ስለ ፍጥረት የተጻፈ ምን አነበብክ ብትሉኝ፣ በአንድ እጄ ጣቶች ቆጥሬ ጣት ይተርፈኛል። የመማሪያ መጽሐፉን ግን በቃሌ አውቀዋለሁ። የእንቁራሪቷ ሥዕል የትኛው ገጽ ላይ እንዳለ ዓይኔን ጨፍኜ እነግራችኋለሁ። እንቁራሪቷን ራሷን ካየሁ ቆየሁ።

በትምህርት ቤታችን ስለ ፍጥረት የሚያነብ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ መምህር አልነበረም። እትዬ ብዙነሽ ይባላሉ። በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጥረው፣ ወገባቸውን ሲያማቸው ጊዜ «ቁጭ ብለው ቁልፍ ይጠብቁ» ተብለው ወደ ቤተ መጻሕፍቱ የተዛወሩ፣ ማታ ማታ ተምረው ዐሥረኛ ክፍልን የጨረሱ ሴት ናቸው። ቤተ መጻሕፍት ስላችሁ ሰፊ አዳራሽ እንዳይመስላችሁ፤ ከቤተ ሙከራው ጀርባ ያለች፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ጣሪያዋ የሚያፈስ አንዲት ክፍል ናት። በክፍሏ ጥግ፣ ማን እንደላካቸው የተረሳ፣ ስለ እንስሳትና ስለ ዕፅዋት የተጻፉ፣ ባለ ሥዕል ወፋፍራም የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ሁለት መደርደሪያ ሞልተው ተቀምጠው ነበር። እኛ የባዮሎጂ መምህራን እንግዳ ሲመጣ እናሳያቸዋለን። እትዬ ብዙነሽ ያነቧቸዋል።

መጀመሪያ ሥዕሉን ነበር የሚያዩት። ኋላ መዝገበ ቃላት አጠገባቸው አስቀምጠው፣ አንድ ገጽ በሳምንት፣ እየቆየም አንድ ገጽ በቀን እያሉ ገፉበት። የገባቸውን ደግሞ በአሮጌ የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ፣ ድብልብል ባለው የእጅ ጽሑፋቸው፣ በአማርኛ አሳጥረው ይጽፉና ምዕራፉ ውስጥ ሸጎጥ ያደርጉታል። እንግሊዝኛው ለሚከብደው ልጅ ነው። ልጁ ይምጣ አይምጣ አይታወቅም። ወረቀቱ ግን ይጠብቀዋል።

ልጅ ከመጣማ አለቀለት። ለቤት ሥራ ሁለት ደቂቃ ብሎ የገባውን ተማሪ «ና እስቲ፤ ጅብ ከውሻና ከድመት ለማን ይቀርባል?» ይሉታል። «ለውሻ ነዋ!» ይላል። «ለድመት ነው!» ይሉና፣ ልጁ ሲከራከር መጽሐፉን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ይዘረጉለታል። እንዲህ እንዲህ እያለ አንዳንዱ ልጅ ደወል እስኪደወል እዚያው ይቀራል፤ እኛም የመምህራን ማረፊያ ሆነን እንስቃለን።

አንድ ቀን ስለ እንስሳት አመዳደብ ሳስተምር ከኋላ የተቀመጠ ልጅ እጁን አወጣ። «መምህር፣ ሽኮኮ የዝሆን ዘመድ ነው አይደል?»

«ማነው እንዲህ ያለህ?»

«እትዬ ብዙነሽ።»

«እትዬ ብዙነሽ ቁልፋቸውን ይጠብቁ» አልኩት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጁም ተቀመጠ። ከዓመታት በኋላ በስልኬ ሌላ ነገር ስፈልግ ድንገት አየሁት፤ ያች ድንጋይ ለድንጋይ የምትሮጥ፣ ከጥንቸል የማትበልጥ ሽኮኮ፣ እውነትም በዘር ለዝሆን የምትቀርብ ናት። ስልኬን ኪሴ ከተትኩ። ለማንም አልተናገርኩም። መምህር መሳሳቱን ለማን ይናገራል?

እስቲ አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። የዛሬ አራት ዓመት ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች አገኘ። ማስቀመጫ ክፍል ሲፈለግ የእትዬ ብዙነሽ ክፍል ታየች። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ሺህ መጽሐፍ ይይዛል ተባለ፤ አጨበጨብን። «ያረጁና ከሥርዓተ ትምህርቱ ጋር የማይሄዱ መጻሕፍት» ተለይተው እንዲወገዱ ሦስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ምክትል ርዕሰ መምህሩ፣ የንብረት ክፍል ኃላፊውና፣ የባዮሎጂ ክፍል ተጠሪ በመሆኔ፣ እኔ። ስብሰባው ቅዳሜ ነበር። ከገባን ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ዝርዝሩ ተነበበ፣ ቃለ ጉባኤው ተዘጋጀ። ስንወጣ እትዬ ብዙነሽ ነጠላቸውን እንዳጣፉ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«መምህር፣ ከመፈረምዎ በፊት አንዴ ገብተው ይዩዋቸው። እኔ ብናገር የሚሰማኝ የለም፤ እርስዎን ግን ይሰማሉ።»

«ሰኞ፣ እትዬ ብዙነሽ። ሰኞ በጠዋት ገብቼ አያቸዋለሁ» አልኩና ግድግዳው ላይ ወረቀቱን አስደግፌ ፈረምኩ። ለምን ቸኮልክ ትሉኛላችሁ። ከሰዓት የእንግሊዝ ኳስ ነበረ። የማን ደጋፊ እንደሆንኩ አልነግራችሁም፤ ተሸንፈናል።

ሰኞ እኔ ሳልደርስ የጭነት መኪናው ደረሰ። በኪሎ የሚገዛው ሰውዬ መጻሕፍቱን በማዳበሪያ ከረጢት እየሞላ አስጫነ። እትዬ ብዙነሽ፣ መጻሕፍቱስ ይሁኑ፣ ቢያንስ የጻፍኳቸውን ወረቀቶች ላውጣ ብለው የንብረት ክፍል ኃላፊውን ለምነው ነበር አሉ። ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ ሕግ አክባሪ ነው። «ከነውስጣቸው ነው የተመዘገቡት» አላቸው። እኔ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ስደርስ መኪናው ወደ ኮተቤ መንገድ እየወጣ ነበር፤ እንዲያልፍ ብዬ ጥግ ያዝኩለት።  እትዬ ብዙነሽ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ጡረታቸው ደርሶ ወጡ። ሽኝታቸው ላይ ብርድ ልብስ ሸለምናቸው።

ኮምፒውተሮቹ? ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ነው ነገሩ። መብራት ሲኖር ኔትወርክ የለም፤ ኔትወርክ ሲመጣ የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ሰው ተዛውሯል።

ዘንድሮ ታዲያ «የንባብ ሳምንት» ይከበር ተባለና እያንዳንዱ የትምህርት ክፍል ተማሪ ሊያነባቸው የሚገቡ ዐሥር መጻሕፍት እየመረጠ እንዲለጥፍ ታዘዘ። የባዮሎጂው እኔ ላይ ወደቀ። ምን ችግር አለው፤ ስልኬን አወጣሁ፣ ከዚህም ከዚያም ለቃቅሜ፣ በዐሥር ደቂቃ ዐሥር ርዕስ አሳምሬ ጻፍኩ። አጠገቤ የምትቀመጠው መምህርት ሰላም፣ ከኛው ትምህርት ቤት ወጥታ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ መልሳ እኛው ጋ የተመደበች ጎበዝ ልጅ ናት፤ ወረቀቱን አንስታ አየችው።

«ዋው ጋሼ! ከነዚህ መጀመሪያ የቱን ላንብብ?»

«ሁሉም ጥሩ ናቸው።»

«ይኼኛው ስለ ምንድነው?»

ርዕሱን ደግሜ አነበብኩላት። ሰላም ጨዋ ናት፤ አልሳቀችም። «እትዬ ብዙነሽ ቢኖሩ ጥሩ ነበር» አለች። «እኔን እኮ ባዮሎጂ ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። ዘጠነኛ ክፍል ሆኜ ስለ ሌሊት ወፍ የሚያወራ መጽሐፍ ሰጡኝ፤ ከነወረቀቱ። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር መማር አልፈለግኩም።»

እስከዚያች ቀን ድረስ ባዮሎጂ ያስገባኋት እኔ ነበርኩ የሚመስለኝ። ለሰውም ተናግሬያለሁ።

የእትዬ ብዙነሽን ቤት ሰላም ነገረችኝ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ቀበና ከወንዙ ከፍ ብሎ ካሉት አሮጌ ቤቶች አንዱን አንኳኳሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እንዲህ ነው። በሩን ሲከፍቱልኝ ሸራ ጫማ አድርገው፣ ምርኩዝ ይዘው፣ ሊወጡ ሲሉ ነበር ያገኘኋቸው።

«መምህር! ደህና ነህ? እኔ ወደ ላይ ልወጣ ነው፤ ከመጣህ ና።»

ሃያ ዓመት «እርስዎ» ሲሉኝ የኖሩ ሴት «አንተ» አሉኝ። ጡረታ እሳቸውን ከኔ ሥር አውጥቷቸዋል፤ ዕድሜያቸውም የታላቅ እህቴ ነው፤ ደስ አለኝ። በታክሲ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር ወጣን፤ ከዚያ በእግር ሽቅብ ወደ እንጦጦ። በወገብ ሕመም ተዛውረው የነበሩት እትዬ ብዙነሽ ከፊት፣ የባዮሎጂ መምህሩ ከኋላ እያለከለከ። በየዐሥር እርምጃው ይቆማሉ፤ ለኔ አዝነው መስሎኝ ነበር። የሚቆሙት ግን ለጉንዳን ነው። ለቀጋ ነው። «እስቲ ከዚህ ባሕር ዛፍ ሥር እይ፤ ምን በቅሏል? ምንም። አሁን ደግሞ ከዚያ ጽድ ሥር እይ» ይሉኛል። አያለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ስለ ተክል አስተምሬ የጽድ ሥር ጎንበስ ብዬ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ከተማዋ ከታች ትታያለች። ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«እትዬ ብዙነሽ፣ ያ የሽኮኮው ነገር… ልክ እርስዎ ነበሩ።»

«አውቃለሁ።»

«ክፍል ውስጥ ያልኩትንም…»

«እሱንም አውቃለሁ። ልጁ ያኔውኑ መጥቶ ነገረኝ።» ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። «እኔ ምን እሆናለሁ፤ እውነትም ቁልፍ ጠባቂ ነበርኩ። ልጁ ግን የያዘውን መጽሐፍ መለሰልኝና ከዚያ ወዲያ ደግሞ አልመጣም። የወፎቹን መጽሐፍ ግማሽ አድርሶ ነበር።»

በድምፃቸው ውስጥ ቁጣ ፈለግኩ፤ የለም። ቢኖር ይቀለኝ ነበር። የልጁን ስም ለማስታወስ ሞከርኩ፤ እሱም የለም። «መጻሕፍቱንም ሰኞ አያቸዋለሁ ብዬ…» ስል እጃቸውን አነሱ። «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስ። አሁን ምን ፈልገህ ነው የመጣኸው?»

የንባብ ሳምንቱን ዝርዝር ነገር ነገርኳቸው። ሳቁ፤ ከዚያ «ጻፍ» አሉኝ።

ርዕስ የሚባል ነገር አያውቁም። «ርዕሱን ምን ያደርግልሃል? የሚለውን ጻፍ» አሉኝ። ስለ ጉንዳን የሚያወራው አረንጓዴው፤ ጉንዳን መንገዷን በጠረን ጽፋ ለእህቶቿ እንደምትተው ይናገራል። ሽፋኑ የተቀደደው ስለ ዘር ጉዞ ነው፤ ነጠላ ላይ የሚጣበቀው ጭጎጎት ተሳፋሪ መሆኑን የነገራቸው እሱ ነው። ስለ አንድ የወደቀ ግንድ ብቻ የተጻፈም ነበረ፤ ግንዱ ቆሞ ከነበረበት ጊዜ ይልቅ ወድቆ እየበሰበሰ ሳለ ብዙ ነፍስ እንደሚያኖር የሚያስረዳ፤ «እሱን ሦስቴ አነበብኩት፤ እናቴ በሞተች ዓመት» አሉኝ። የጅቡን፣ የሌሊት ወፉን፣ ግማሹ የተነበበውን የወፎቹን… ዐሥር ሲሞላ አላቆሙም፤ እኔም አላቆምኳቸውም። ስንወርድ ደብተሬ ሞልቷል።

የጻፍኩትን እንዳለ አሳምሬ ገለበጥኩና ግርጌው ላይ «መራጭ፦ ወይዘሮ ብዙነሽ» ብዬ ለጠፍኩት። ርዕሰ መምህሩ አየውና ወደደው፤ ግን የመራጩን የትምህርት ደረጃ ጠየቀ። በማግስቱ ግርጌው ላይ «የባዮሎጂ ትምህርት ክፍል» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት አገኘሁ። በንባብ ሳምንቱ መዝጊያ ላይ የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። ተቀበልኩ። አዎ፣ ተቀበልኩ፤ መድረክ ላይ ቆሞ እምቢ ማለት የሚሆንለት ሰው ሌላ ነው።

ያልጠበቅኩት ነገር የተማሪዎቹ ማንበብ ነው። ዝርዝሩን ማለቴ ነው። ከሰሌዳው ፊት ተሰብስበው በስልካቸው ፎቶ ሲያነሱ፣ «ጉንዳን በጠረን ትጽፋለች ይላል!» ሲባባሉ ሰማሁ። ሰኞ ክፍል ውስጥ ትምህርቴን ልጨርስ ስል አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ስለ ግንዱ የሚያወራው መጽሐፍ የት ይገኛል? ኮምፒውተር ክፍል ሄድን፤ የለም።»

«እዚህ ነበረ» አልኩ። «ተሸጠ።»

«ማን ሸጠው?»

ኮሚቴው ልል ነበር። ቃሉ ጥሩ ቃል ነው፤ ስንቱን ሸሽጓል። አንደበቴ ላይ ደርሶ ነበር። «እኔ» አልኩ።

 ልጅቷ አልተቀመጠችም። አልተቆጣችም፤ ነገሩ አልገባት ብሎ ብቻ ነበር። «ታዲያ ለምን አንብቡ ብለው ለጠፉልን?»

ደወሉ ጮኸ። ደወል ስንት ጊዜ ከስንት ጥያቄ አውጥቶኛል። ሌሎቹ ደብተራቸውን እየሰበሰቡ ወጡ፤ እሷ ግን ቦርሳዋን አንግታ፣ መልስ እስክሰጣት፣ ዴስኳ አጠገብ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር።