የብልቃጡ ዳኝነት

[ሶዶ፣ ጠዋት። ቦሼ ጎደሬ እየላጠች ነው። ባሏ፣ ጡረታ የወጣው የባዮሎጂ አስተማሪ ጉልላት፣ ሁለት ትንንሽ ብልቃጥ ይዞ ከፊቷ ቆሟል።]

ጉልላት፦ ቀስ ብለሽ ላጪው! እርጋታዬን እያባረርሽብኝ ነው!

ቦሼ፦ የሚጮኸው ቢላዋው ነው ወይስ አንተ?

ጉልላት፦ እኔ አልጮህኩም! ለዩኒቨርሲቲው የጭንቀት ጥናት ምግብ ሳንቀምስ ሁለታችንም እዚህ ውስጥ እንተፋለን። እስከ ሦስት ሰዓት ዩኒቨርሲቲ አደርስላቸዋለሁ።

ቦሼ፦ ምራቅ ምን ያደርግላቸዋል?

ጉልላት፦ ሰው ሲጨነቅ ወይም ሲቆጣ ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ይበዛበታል። ሆርሞኑ ሴል ውስጥ ይገባና ዘረመሎቹ ላይ ተቀምጦ አንዱን «ተነስ፣ ሥራ!» አንዱን «ተኛ!» ይለዋል።

ቦሼ፦ ተቀምጦ ያዛል? ልክ እንዳንተ።

ጉልላት፦ ቀልጂ! ውላችንን ግን አትርሺ። ልጃችን ሜላት ለፋሲካ መጥታ፣ አኩርፋ ሕፃኗን ይዛ አረካ ወደ ቤቷ ከተመለሰች ሁለት ወሯ። ያስቀየማት ማን እንደሆነ ሆርሞኑ ይመሰክራል። የበዛበት ሰው ሄዶ ይቅርታ ይጠይቃል።

ቦሼ፦ «ልጅ አያያዝ አታውቂም» ያላት ማን ሆነና?

ጉልላት፦ በለስላሳ ድምፅ ነው የመከርኳት!

ቦሼ፦ በለስላሳ ድምፅህ የጎረቤታችን የአስካለች ዶሮዎች አጥር ዘለው ጠፉ።

ጉልላት፦ በቃ! ትፊ!

[ቦሼ እጇን በነጠላዋ ጠርጋ ብልቃጡን ተቀበለች። ሞከረች፤ ደግማ ሞከረች።]

ቦሼ፦ እምቢ አለ። አፌ ደርቋል።

ጉልላት፦ [እየዘለለ] ተያዝሽ! አፍ የሚደርቀው በጭንቀት ነው! ይቅርታ ጠያቂዋ አንቺ ነሽ!

ቦሼ፦ እሺ። ጠይቄያለሁ።

ጉልላት፦ መቼ?

ቦሼ፦ ትናንት ገበያ ብዬህ የሄድኩት አረካ ነው። «አባትሽ ተጸጽቶ ላከኝ» አልኳትና ይዣት መጣሁ። አስካለች ቤት አደሩ። ገና ሲነጋ ሄጄ ሕፃኑን እንትፍ እንትፍ እያልኩ ስመርቅ ምራቄ አለቀ።

ጉልላት፦ እኔ? ተጸጽቼ? ማን ፈቀደልሽ!

ቦሼ፦ ቀስ በል፣ የሜላት አባት። ከአጥሩ ጀርባ ቆማ እየሰማች ነው። «ከጮኸ ከዚሁ እመለሳለሁ» ብላለች።

[ጉልላት አፉን በሁለት እጁ ያዘ።]

ጉልላት፦ [በሹክሹክታ] ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?

ቦሼ፦ አስተማሪ ሲያስተምር ማቋረጥ ነውር መስሎኝ።

[በሩ ተንኳኳ። ጉልላት በጣቱ ጫፍ እየረገጠ ሄዶ ከፈተ፤ ከሜላት እጅ ሕፃኑን ተቀበለ።]

ጉልላት፦ እደግ፣ የኔ ጌታ! እንትፍ! ተመንደግ! እንትፍ!

ቦሼ፦ ሦስት ሰዓት እኮ ሆነ። ዩኒቨርሲቲ አትሄድም?

ጉልላት፦ [ቀስ ብሎ፣ ሕፃኑን እያወዛወዘ] ምን ልሠራ? እነሱ የሚፈልጉት የተቆጣ ሰው ነው። እዚህ ቤት ማን አለና?