መስቀልና ቤት ያለባት ብር

ሰው ያለ አንድ እብደት አይፈጠርም። እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ የፌርፋክስ ሰፈር ሰው እብደቱ ወይ መኪና ነው፣ ወይ ኳስ ነው፣ ወይ ፖለቲካ። የእኔ ትንሽ ራቅ ይላል፤ ጥንት የፈረንሳይ ባላባቶች ያስመቷቸውን የብር ሳንቲሞች እሰበስባለሁ። መቼም የዚያን ጊዜ ባላባት ግንብና ፈረስ ካለው የራሱን ገንዘብ ከማስመታት የሚመልሰው አልነበረም። ችግሩ አማርኛችን ነው። «ብር እሰበስባለሁ» ስል ሰው ሁሉ መዋጮ የመጣበት መስሎት መንገድ ይሻገራል።

ከሁሉ የምወዳት አንዲት ስስ፣ ጠቆር ያለች፣ ከአውራ ጣቴ ጥፍር እምብዛም የማትበልጥ ነበረች። በአንድ ጎኗ መስቀል፣ በሌላው የቤት ቅርጽ አለባት። ከሰዓት በኋላ መስኮቱ አጠገብ ይዣት ስቀመጥ የመኪናው ድምፅ ይርቅና ገበያ ይታየኛል፤ ጭቃ፣ የፈረስ ኮቴ፣ ዶሮ ሸጣ የምትመለስ አንዲት ሴት። ሴትዮዋ ሳንቲሟን ጨብጣ መዳፏን አትከፍትም። ለማን ይዛት ይሆን? እዚህ ላይ ስደርስ ሚስቴ ዳይፐር አልቋል ትለኛለች።

ካልቨር ሲቲ ያሉ እንደ እኔ ያሉ የሳንቲም ሰብሳቢዎች ከብዙ ልመና በኋላ ቅዳሜ መጥተህ አሳየን አሉኝ። እኔም ባላባት ልሆን ነው! በደስታ ሳንቲሟን ጠረጴዛ ላይ ረስቻት ሥራ ሄድኩ።

የሚስቴ አክስት እትዬ ወርቅነሽ ለልጃችን ክርስትና ከሃውቶርን መጥተው እኛ ዘንድ ሰንብተዋል። ማታ ስገባ ሳንቲሟ በጥቁር ክር ተንጠልጥላ ልጄ አንገት ላይ አገኘኋት። ለካ እትዬ መስቀሏን አይተው፣ ለማተብ የተገዛች መስሏቸው፣ ሰዓት ጠጋኙ ዘንድ ወስደው አስበስተዋታል።

«እትዬ፣ ይህቺ ብር እኮ ስምንት መቶ ዓመት ያለፋት ናት!» አልኳቸው።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ሳይበሷት ምን ይጠብቃሉ?» አሉኝ።

ሰብሳቢዎቹ ጋ ደወልኩ። የተበሳች ከሆነች አትድከም አሉኝ። የጨው ተራራ ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባል የለ? እኔ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም፤ ልጄ ትልሳታለች።

ክሩን ልፈታ ጎንበስ ስል ልጄ ሳንቲሟን ጭብጥ አደረገቻት። ባባብላት፣ ብለምናት፣ መዳፏን አልከፍት አለች። ያን ጊዜ ገበያው እንደገና መጣብኝ፤ ጭቃው፣ ኮቴው፣ ዶሮ ሻጯ። ለማን እንደያዘቻት ገባኝ መሰለኝ። ከነንዴቴ ደስ አለኝ፤ ክሩን ተውኩት።

ልጄ እንቅልፍ ወስዷት መዳፏ ሲላላ እትዬ ሳንቲሟን ገልበጥ አደረጉና፣ «ውይ፣ በወዲያ በኩል ቤትም አለባት! እንግዲህ ቤቱንም ይስጣት» ብለው መረቁ። እኔም አሜን አልኩ። እነሆ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከዘመዶቻችን ሁሉ ከኪራይ የተገላገለች ልጄ ብቻ ናት። ጣሪያው ብቻ ተበስቷል።