በቃኝ ያለው ኤሲ

እኛ አገር «በቃኝ» የሚል አፍ አይታመንም። እንግዳ ሆዱ እስኪወጠር በልቶ እጁን ሲሰበስብ፣ አፍሮ ነው እንላለን እንጂ ጠግቦ ነው አንልም። «በሞቴ!» ይከተላል። እርስዎም ያውቁታል፤ በሰው ሞት ተለምኖ እንቢ ያለ ሆድ እስካሁን አልተወለደም። ይህ ደግነታችን በሰው ላይ ሲውል እዳው ገብስ ነው። እኔን ያቃጠለኝ በኤሲ ላይ የዋለ ዕለት ነው።

እናቴ የደባርቅ ሰው ናት። ልቧን ታማ ክትትል ስለጀመረች ጎንደር እኔ ዘንድ አመጣኋት፤ ሐኪሙም «ከሆስፒታሉ እንዳትርቅ» ብሎ አስጠንቅቋል። እሷ ግን ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚያዝያን ሙቀት አልቻለችውም። «ካልቀዘቀዘልኝ አገሬ እገባለሁ» አለች። እናቴ ከዛተች ታደርገዋለች። ከተዘጋ ሆቴል አሮጌ ኤሲ ገዝቼ ሰቀልኩላት።

ኤሲው ሲደክም አያ መኳንንትን ጠራን፤ የሟች አባቴ ጓደኛ ናቸው፣ የሰፈሩን ፍሪጅ ሁሉ የሚጠግኑ። ጋዝ ጨመሩ፤ ባሰበት። ሲመለሱ፣ እንጀራዬ የዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ መሣሪያ መጠገን ነውና፣ «እባክዎ መጀመሪያ እንለካ» ብዬ ለመንኳቸው። ነገሩ ቀላል ነው። ጋዙ ውጭ በተሰቀለው ማሽን ውስጥ ሙቀቱን ጥሎ ፈሳሽ ይሆናል። በስንት ዲግሪ ፈሳሽ እንደሚሆን የግፊት መለኪያው ጌጅ ይነግርዎታል፤ ከዚያ ወዲያ ምን ያህል እንደቀዘቀዘ ደግሞ ቧንቧው ላይ የታሰረው ቴርሞሜትር። ልዩነቱ ካነሰ ጋዝ ጎድሏል፤ ከበዛ ጋዙ ከልክ አልፎ ፈሳሹ መሄጃ አጥቶ ተከማችቷል። የእኛው ከሚገባው እጥፍ ሆነ። ማሽኑ «በቃኝ» እያለ ነው።

«አያ፣ ሞልቷል እኮ! እንዲያውም ይቀነስለት» አልኳቸው።

«ምነው ልጄ፣ ለእናትህ ጋዝ ልሰስት?» አሉኝ ተቀይመው።

እናቴ ከአልጋዋ ሆና፣ «በሞቴ ይጨምሩለት አያ መኳንንት! እሱ ያነበበውን ነው የሚለፈልፍ» አለች።

ልቧ የታመመ እናት በሞቷ ስትለምን ምን ይመለስላታል? አያ መኳንንት ጨመሩ። ማሽኑ አቃሰተ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ጸጥ አለ። እሳቸው ቧንቧውን በመዳፋቸው ዳሰስ አድርገው፣ «የጋዝ ማነስ ጎድቶታል፤ ዘግይታችሁ ጠራችሁኝ» አሉ።

እውነቱን በእጅ ይዞ መረታት እንዴት እንደሚያንገበግብ ያልደረሰበት አያውቀውም። እናቴም ቃሏን አላጠፈችም፤ በማግሥቱ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። መድኃኒቷን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ ከሐኪሙም ከእኔም ርቃ ሄደች። የእኔም ተስፋ አብሯት ተሳፈረ።

እንደደረሰች ደወልኩላት። «ብርዱ ሸጋ ነው፤ አሁን ገና ተነፈስሁ» አለችኝ። ይህችን አጭር ቃል ለመጨረስ ግን መሃል ላይ ቆም ብላ ትንፋሽ መሰብሰብ ነበረባት።